ጉንጬ ላይ የቀረው ማር

ባለፈው ቅዳሜ ደብረ ማርቆስ ላይ ከገበያው ወደ መናኸሪያው በባጃጅ ስንሄድ አንዲት ሴት አጠገቤ ተቀመጠች። ጭኗ ላይ በማዳበሪያ ከረጢት የተጠቀለለ ነገር አቅፋለች። ባጃጁ ጉድጓድ በመታ ቁጥር ከረጢቱ ክንዴን ይነካኛል። ከዓይኔ በፊት ያወቀው አፍንጫዬ ነው። ሰፈፍ ነበር፤ ጠጅ ጣዮች ማሩን ካጠለሉ በኋላ የሚተርፈው፣ ሰሙ ገና ያልተለየ፣ ኮምጠጥ የሚል፣ ጭስና የንብ ክንፍ የሚሸት ሰፈፍ። የአራት ዓመቷ ልጄ አፍንጫዋን ያዘችና "እማ፣ ምንድን ነው የሚሸተው?" አለች። ሴትየዋ አፍራ ከረጢቱን ወደ ራሷ ሳበች። "ግድ የለም፣ እኔ የምወደው ሽታ ነው" ልላት ፈለግሁ፤ አፌ እምቢ አለኝ። ከማላውቀው ሰው ጋር መነጋገር እስከ ዛሬ አይሆንልኝም። እጄን ወደ አንገቴ ሰድጄ ከማተቤ ጋር የታሰረውን ቁልፍ ጨበጥሁት፤ እስክንወርድም አልለቀቅሁትም።

ቁልፉ የየሻረግ ቤት ቁልፍ ነው። የምንሄደውም ወደዚያው ነበር።

የሻረግ ጧፍ ሠሪ ነበረች። መንደሯ ከደብረ ማርቆስ ወደ ደብረ ኤልያስ በሚወስደው መንገድ፣ መኪና ካወረደን በኋላ ግማሽ ሰዓት በእግር ሄደን የምንደርስባት ትንሽ መንደር ናት። ግቢዋን ለማግኘት መጠየቅ አያስፈልግም ነበር፤ አፍንጫ ይመራል። ከጠጅ ጣዮች የለቀመችውን ሰፈፍ በትልቅ ብረት ድስት ታፈላዋለች፣ በጨርቅ ታጠልለዋለች፤ ሲቀዘቅዝ ሰሙ ከላይ እንደ ቢጫ ዳቦ ይረጋል። ከዚያ የጥጥ ክሩን በሁለት ካስማዎች መካከል ትወጥርና በቀለጠ ሰም የራሰ ጨርቅ በመዳፏ ይዛ ከካስማ እስከ ካስማ ትመላለሳለች፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ አሥሬ፣ ክሩ እርሳስ እስኪያክል ድረስ። በመጨረሻ በክንድ እየለካች ትቆርጠዋለች። የአካባቢው አብያተ ክርስቲያናት ጧፍ ሁሉ ከእሷ እጅ ይወጣ ነበር። ሰሙ ያቃጠለው መዳፏ ለስልሶ ያብረቀርቃል፤ የጨበጣት ሰው ይደነግጣል። "መስመሩን ሰም በልቶታል፤ እንግዲህ ጠንቋይም አያነበኝ!" እያለች ትስቅ ነበር። ሳቋ ድንገት ነው የሚመጣው። ቁጣዋም እንደዚያው።

ስለ እሷ ስጽፍ "እሷ" እያልሁ ነው። ከሰባት ዓመቴ እስከ አሥራ ሦስት ዓመቴ ድረስ ግን አንቱ እላት ነበር። ለምን እንደተውሁት ኋላ እደርስበታለሁ።

እኔ ትርፌ እባላለሁ። እናቴ እኔን ወልዳ ብዙ አልቆየችም። አባቴ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ቆላ ወርዶ በዚያው ቀረ። አክስቴ ወሰደችኝ፤ እሷ ግን የራሷ አምስት ልጆች ነበሯት። ስሜን ያወጣችልኝ እናቴ "ከሞት የተረፈችልኝ" ብላ ይሆናል። እኔ ግን ትርፍ ማለት ከልክ በላይ የሆነ አፍ ማለት ይመስለኝ ነበር፤ እንጀራ ሲቆረስ የማይቆጠር ሰው። ሰባት ዓመት ሲሞላኝ አክስቴ አንድ ቀሚስ በፌስታል ቋጥራልኝ ወደ የሻረግ ወሰደችኝ፤ ሰፈፍ ላጣራላት፣ ውኃ ልቀዳላት። መንገድ ላይ እንዲህ አለችኝ፦ "ብልጥ ሁኚ። በሰው ቤት የሚያኖር እጅ እንጂ አፍ አይደለም።" ይህን ቃል ጸሎት አደረግሁት። ከዶሮ በፊት እነሳለሁ። ሳልታዘዝ እጠርጋለሁ። ብዪ ካልተባልሁ አልበላም። ፌስታሉን ሳልፈታው በሩ ኋላ አስቀመጥሁት፤ የተባረርሁ ዕለት እንዳልቸገር።

የሻረግ ልጅ አልነበራትም፤ ባሏም ከሞተ ቆይቷል። በእኛ አገር ልጅ የሌላት ሴት የሰው ልጅ "ልጄ" ስትል ጡቷን ማር ቀብታ ታጠባዋለች። የነፍስ አባትና ጎረቤት ይመሰክራል። ከዚያ ወዲያ ያ ልጅ የጡት ልጅ ነው፤ እንደ ወለዱት ልጅ ይወርሳል፣ ይቀብራል። እኔ እሷ ዘንድ ዓመት እንደሞላኝ፣ አንድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ፣ የነፍስ አባቷን፣ አክስቴንና ሦስት ጎረቤቶችን ጠራች። ከማጀት ነጭ ማር በጣባ አወጣች። ቄሱ ጸሎት አደረሱ። የሻረግም ቆማ "ከዛሬ ጀምሮ ትርፌ ልጄ ናት። ያለኝ ሁሉ የእሷ ነው። ስሞት እሷ ትቀብረኛለች" አለች። ከዚያ ቁጭ አለችና ነጠላዋን በራሴ ላይ ጣል አደረገችብኝ።

ነጠላው ውስጥ ሞቃት ነበር። ማር፣ ሰምና ላብ ይሸታል። ብርሃኑ በጥለቱ በኩል ቀይ ሆኖ ይገባል። ስምንት ዓመቴ ነው፤ እናት ምን እንደሆነች አላውቅም፤ ሐፍረትን ግን ጠንቅቄ አውቃለሁ። ውጭ ያሉት ሰዎች ትንፋሻቸውን ይዘው እኔን ይጠብቃሉ። ከንፈሬን ገጠምሁ። ፊቴን ዞር አደረግሁ። ማሩ ጉንጬ ላይ ተለቀለቀ። የሻረግ ነጠላውን ገለጠችው። ሴቶቹ እልል አሉ። አክስቴ መጥታ ጉንጬን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

አልጠባሁም። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ ብዬ አመንሁ። ሰው ሁሉ "የየሻረግ ልጅ" ይለኝ ጀመር። እኔ ግን ስሙን እንደ ተሰረቀ ልብስ ለበስሁት፤ ባለቤቱ መጥቶ እስኪገፈኝ ድረስ። ከዚያን ቀን በፊት የምፈራው አንድ ነገር ነበር፤ መባረርን። ከዚያን ቀን በኋላ ሁለት ሆነ፤ መባረርና መታወቅ። ይበልጥ ማልጄ መነሳት ጀመርሁ።

በእኛ ዘንድ ወደ ሰው ቤት የመጣ ሰው ደጃፍ ላይ ቆሞ "ቤቶች!" ይላል። "ግባ" እስኪባል አይገባም። እኔም ውኃ ቀድቼ ስመለስ፣ እንጨት ለቅሜ ስመለስ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ ደጃፉ ላይ ቆሜ በቀጭን ድምፅ "ቤቶች" እል ነበር። መጀመሪያ ሰሞን የሻረግ "ግቢ" ትለኛለች። ከማሩ በኋላ ግን መመለስ ተወች። ውስጥ ሆና ጧፍ ስትቆርጥ ይሰማኛል፤ አትመልስልኝም። አንድ የሐምሌ ቀን ጄሪካን በጀርባዬ አዝዬ፣ ኮንጎ ጫማዬ በጭቃ ተሞልቶ፣ ዝናቡ እየወረደብኝ "ቤቶች… ቤቶች…" እያልሁ ቆምሁ። በመጨረሻ የሻረግ በሩን በረገደችው።

"ማንን ነው የምትጠሪው?" አለች በቁጣ።

"የቤቱን ሰው" አልሁ፤ ሌላ የምለው ጠፍቶኝ።

"የቤቱ ሰውማ ደጅ ቆሞ እየበሰበሰ ነው!"

ጎትታ አስገባችኝ። ራሴን በሻሽዋ እያደረቀችልኝ በሩ ኋላ ያለውን ፌስታሌን አየችው። በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ግን ፌስታሉ ውስጥ የነበረው ቀሚሴ በሁለት እንጨት ተወጥሮ ሰፈፍ ሲጠልልበት አገኘሁት። ሰሙ ጨርቁን አንዴ ከያዘው አይለቅም። "ጥሩ ማጣሪያ ወጣው" አለችኝ፣ ዓይኗን ከድስቱ ሳታነሳ። እኔ ግን ማጀት ገብቼ አለቀስሁ። የማመልጥበት ልብስ እንኳ አልነበረኝም።

መሬቷን የሚያርሰው የወንድሟ ልጅ ሙሉቀን ነበር። እኩል ነው የሚያርስላት፤ የምርቱን ግማሽ ለእሷ ያገባል። ረዥም፣ ድምፁ ጎላ ያለ፣ ቀልደኛ ሰው ነው። እህል ሊያገባ በመጣ ቁጥር "አንቺ ትርፌ፣ ዛሬም አልተባረርሽም?" ይለኝና ሸንኮራ ይሰጠኛል። እሱ ይስቃል። እኔ ሸንኮራውን ተቀብዬ ሌሊቱን ስገላበጥ አድራለሁ።

ስድስተኛ ክፍል ስደርስ የየሻረግ ዓይን በጭሱ ብዛት ደከመ። እሁድ ከቅዳሴ መልስ መደቡ ላይ እግሯን ዘርግታ ትቀመጣለች፣ እኔ ከበሩ በሚገባው ብርሃን መጽሐፍ ቅዱስ አነብላታለሁ። ማንበብ እችል ነበር፤ ግን ድምፄን ለማሰማት ስለማፍር ቶሎ ቶሎ ነው የማነበው። አንድ እሁድ በአንዱ የሐዋርያት መልእክት ላይ፣ የእግዚአብሔር ልጆች ስለ መሆናችን የሚናገረው ቦታ ደረስሁ። ልጆች ከሆንን ምን እንደሆንን ሲናገር እኔ "የእግዚአብሔር አራሾች" ብዬ አለፍሁ።

"ምን አልሽ?"

"የእግዚአብሔር… አራሾች።"

የሻረግ ሳቋ ፈነዳ። "በስመ ሥላሴ! እግዚአብሔር የእኩል አራሽ አጥቷል? ሙሉቀንን እልክለታለኋ!" ዓይኗ እንባ እስኪያቀርር ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቀስ ብሎ ጠፋ። "እስቲ በጣትሽ እየነካሽ ደግመሽ እዪው" አለችኝ።

ጣቴን አስቀመጥሁ። ከፊት "ወ" አለች። እዚያው ነበረች። ወራሾች ነው የሚለው። ስንት ጊዜ በፊደሏ ላይ እንዳለፍሁባት እንጃ፤ ዓይኔ ለእኔ ያልተጻፈች አድርጎ ይዘልላት ነበር። ከዚያ አምስት ዓመት የዋጥሁት ነገር ወጣ።

"እትዬ፣ እኔ አልጠባሁም።"

"ምኑን?"

"ማሩን። ያን ዕለት። አፌን ገጥሜ ነበር። ጉንጬን ነው የነካኝ።"

አንዲት ዶሮ ከደጅ ገብታ በመካከላችን ጥሬ እየለቀመች አለፈች። እኔ ፌስታሌ የት እንዳለ አስብ ነበር፤ ቀሚሴ ማጣሪያ ሆኗል፤ በምን እሄዳለሁ? ወደ ማን?

"ጡቱ የማን ነው?" አለችኝ።

"የ… የአንቱ።"

"ታዲያ አላውቅም መስሎሽ ነው?"

ቀና ብዬ አየኋት። ፊቷ ላይ ሳቅም ቁጣም አልነበረም።

"አምስት ዓመት ሙሉ ይኼን ታቅፈሽ ነው ከዶሮ በፊት የምትነሺው? ስሚ አንቺ ልጅ። አንቺ አልጠባሽም። እኔ ግን አጥብቻለሁ። ቃሉን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ከንፈርሽ አይደለም።"

አለቀስሁ። እሷ አላባበለችኝም። ማልቀሴን ስጨርስ "አሁን ደግሞ ይኼን አንቱታሽን ተዪኝ" አለች። "ሠራተኛ ነው እንዲህ የሚጠራኝ። አንቺ በይኝ።"

"እሺ… አንቱ።"

"ኧረ ተዪ!"

"እሺ… አንቺ" አልሁ፤ ቃሉ ጉሮሮዬን እንደ ትኩስ ድንች አቃጠለኝ። ያን ቀን እስኪመሽ ድረስ ሆን ብላ ስታስጠራኝ ዋለች። "ውኃ አንሺልኝ፤ ማን ብለሽ ነው የምታቀብዪኝ?" "ዱላዬን ስጪኝ፤ እንኩ ነው እንኪ?" ሁለታችንም ሳቅን። የእኔ ሳቅ ግን ግማሹ ፍርሃት ነበር።

በዚያ ሳምንት የቤቱን ሁለተኛ ቁልፍ አወጣችና አንገቴ ላይ ከማተቤ ጋር አሰረችው። ጸሎቴን ትሰማኝ እንደነበር የነገረችኝም ያኔ ነው። "ጠዋት ጠዋት እሰማሻለሁ" አለች። "'አታባርረኝ፣ አታባርረኝ' ነው የምትዪው። እኔን ደጅ ቆመሽ ቤቶች እንደምትዪኝ፣ እሱንም እንደዚያው። ማተቡን ያሰረልሽ እኮ እሱ ነው፤ አንቺ የሰማንያ ቀን ሕፃን ነበርሽ። ግቢ። ገብተሽ ቁጭ በይ። ከዚያ የቸገረሽን ንገሪው።" ቁልፉን በዚያ ልስልስ መዳፏ ያዘችው። "ስትነሺ ማተብሽን ትነኪያለሽ አይደል? ይኼንንም አብረሽ ትነኪዋለሽ። ሁለቱም የሚሉሽ አንድ ነገር ነው።"

"ምን?"

"ልጅ ነሽ ነዋ! ሌላ ምን ሊሉሽ ኖሯል?"

ከዚያ ወዲያ ፍርሃቴ ተነቅሎ ጠፋ ብል ውሸት ይሆናል። በየጠዋቱ አብሮኝ ይነሳ ነበር። እኔም በየጠዋቱ ማተቤንና ቁልፉን እነካለሁ። አንዳንድ ቀን እስከ ቁርስ ድረስ ያቆየኛል። አንዳንድ ቀን ውኃ ቀድቼ ስመለስ ደጃፉ ላይ "ቤ…" ብዬ አቋርጠውና እገባለሁ። የሻረግ ከውስጥ "ግማሿን ሰምቻለሁ!" ትለኛለች። ርቦኝ ሳልጠይቅ መሶብ የከፈትሁ ዕለት ደግሞ ጎረቤቷን ጠርታ "ልጄ ዛሬ ሰረቀችኝ!" ብላ በደስታ አወራች። እኔ ማጀት ተደበቅሁ።

ስድስተኛን እንደጨረስሁ ትምህርቱን ተውሁት፤ ዓይኗ ሆንሁላት። ሰሙን እኔ አቀልጣለሁ፣ እሷ በጣቷ እየዳሰሰች "እዚህ ጋ ቀጥኗል" ትለኛለች። አሥራ ሰባት ዓመቴ ላይ፣ የመስቀል ሰሞን፣ ሳል ያዛት። ሦስት ሳምንት አልሞላትም። ቃሏ ደረሰ፤ የቀበርኋት እኔ ነኝ። ፍትሐቷ ላይ የበራው ጧፍ እኔና እሷ የሠራነው ነበር።

አርባዋ በወጣ ማግስት ሙሉቀን ሽማግሌ ሰበሰበ።

በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ከወይራው ሥር ተቀመጡ። ቄስ አድማሱ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ የሚመሩት። ማሩ ሲቀባ የጸለዩት የነፍስ አባቷ ዲማ ገዳም ገብተው እዚያው አርፈዋል። ጎረቤቶቹ አሉ፤ ነጠላው ውስጥ የሆነውን ግን አላዩም። ሙሉቀን ተነሳ።

"እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም" አለ። "የአባቴ እህት መሬት ነው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ያረስሁት እኔ ነኝ። እሷ ጠብታ ከሆነች በወንጌል ትማል፤ እኔ ዝም ብዬ እሄዳለሁ። ግን ማሩን የጠባው ጉንጯ ነው ሲባል ሰምቻለሁ።"

ሰው ሳቀ። አክስቴ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። ያን ጊዜ ገባኝ፤ ጉንጬን የጠረገችው እጅ ዝም አላለችም።

"ትርፌ፣ ተነሺ" አሉኝ ቄስ አድማሱ። ወንጌሉ በቀይ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከፊታቸው ነበር። "ጠብተሻል? ትምያለሽ?"

ቆምሁ። "ጠብቻለሁ" ብል ያበቃል። ያየ ሰው የለም። ቤቱ፣ ድስቱ፣ ካስማዎቹ፣ የምተኛበት መደብ ሁሉ በአንዲት ቃል የእኔ ይሆናል። "አልጠባሁም" ብል ዛሬ ማታ የት እንደማድር አላውቅም፤ የማመልጥበት ቀሚስ እንኳ ማጣሪያ ከሆነ ዓመታት አልፈዋል። እጄ ሳላዘው ወደ አንገቴ ሄደ፤ ማተቡንና ቁልፉን አንድ ላይ ያዘ። ለመቆየት ብዬ ከዋሸሁ፣ የቤቱ ሰው መሆኔ ቀርቶ ተመልሼ ያች ብልጥ ሠራተኛ መሆኔ ነው።

"አልጠባሁም" አልሁ።

"ድምፅሽን ከፍ አድርጊ፤ አልሰማንም" አሉ ከኋላ ያሉት።

ያን ቃል አንዴ ማለት ሞት ነበር፤ ሁለቴ አስባሉኝ። "አልጠባሁም!"

"ይኸው!" አለ ሙሉቀን።

"እናቴ ግን አጥብታኛለች።"

"እናቴ" ያልሁት በሕይወቴ የመጀመሪያ ጊዜ ነበር። እሷ አልሰማችውም። ቄስ አድማሱ ጎንበስ ብለው አዩኝ።

"የሻረግ ይኼን ታውቅ ነበር?"

"ታውቅ ነበር። ነግሬያታለሁ።"

"ምን አለችሽ?"

"ቃሉን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ከንፈርሽ አይደለም አለችኝ።"

ቄሱ ጭራቸውን አንዴ ወዲያ አንዴ ወዲህ አደረጉ። ከዚያ ወደ ሙሉቀን ዞሩ። "ሙሉቀን፣ በአርባ ቀንህ ክርስትና ስትነሳ ዲያቆን ሆኜ ቆሜ ነበር። እንዲህ ጮኸህ፣ ተራግጠህ፣ የአባን ጥምጥም አወረድኸው። እሺ ስትል የሰማ የለም። ታዲያ ልጅነት አላገኘህም እንበል?"

"ዛሬም ይራገጣል!" አለ አንድ ሽማግሌ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። ሙሉቀን ራሱ ሳቁ ሊያመልጠው ነበር።

"የሚያስወርስ የሰጪ ቃል ነው" አሉ ቄስ አድማሱ። "ይህች ልጅ ደግሞ ለመውረስ ስትል አልዋሸችም፤ እኔ ለዚህ እመሰክራለሁ። ቤቱም መሬቱም የእሷ ነው። አንተም እንዳለፈው እኩል እያረስህ ታገባላታለህ።"

"እንግዲህ እሷ ወራሽ፣ እኔ አራሽ ሆንን!" አለ ሙሉቀን፤ ነጠላውን ትከሻው ላይ ወርውሮ ሄደ።

ሳቄ መጣ። በሰው ፊት፣ በሽማግሌ ፊት፣ አፌን በሁለት እጄ ይዤ ሳቅሁ፤ እንባዬም አብሮ ወረደ። ሰዎቹ ጨዋነቴ የጠፋ መሰላቸው። ማንንም አላስረዳሁም። ልነግራት የምፈልገው አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ሙሉቀን እስከ ዛሬ ያርስልኛል። ለሁለት ዓመት ሰላም አላለኝም፤ ከዚያ ልጄ ተወለደች፣ ሸንኮራ ይዞ መጣ። ባሌ ግንበኛ ስለሆነ ደብረ ማርቆስ ቤት ተከራይተን እንኖራለን። ጧፉን ትቼዋለሁ፤ ዛሬ ዛሬ ቤተ ክርስቲያኖቹ የፋብሪካውን ሻማ ይገዛሉ። ቀበሌው "የመሬት ደብተራችሁን ይዛችሁ ቅረቡ" ባለ ቁጥር ደብተሩን ገልጬ እቀመጣለሁ። ደብተሩ ላይ ስሜ በግልጽ ተጽፏል። ቢሆንም ጣቴን ፊደሎቹ ላይ አድርጌ አነበዋለሁ፤ የዘለልሁት እንዳይኖር።

ባለፈው ቅዳሜ ስንደርስ ፀሐይዋ ግቢው ላይ ነበረች። ካስማዎቹ አንደኛው ዘምሟል። ቁልፉን ከአንገቴ ሳላወልቅ ጎንበስ ብዬ በሩን ከፈትሁት። ከውስጥ የድሮ ሰም ሽታ መጣ፤ ግድግዳው እስከ ዛሬ ይዞታል። እግሬ ደፉ ላይ ቆመ። ሁልጊዜ ይቆማል። ያቺ የድሮ ቃል እስከ ምላሴ ትመጣለች። ልጄ በክንዴ ሥር ሾልካ ዘው ብላ ገባች። ማንንም አልጠራችም። መደቡ ላይ ዘልላ ስትወጣ፣ ክዳን ስትከፍት፣ የሆነ ነገር ስትጥል ሰማኋት።

"እማ!" አለች ከውስጥ። "ምን ቆምሽ? ግቢ!"

ገባሁ።